የስኪ ክለብ መንገድ እንዴት ይደለደላል? በጎ ፈቃደኞቹስ እንዴት ይያዛሉ?

በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ውስጥ ልጁን በትምህርት ቤቱ የኖርዲክ (አገር አቋራጭ) ስኪ ቡድን ያስመዘገበ ወላጅ ብዙም ሳይቆይ «ቅዳሜ መንገድ የሚያጸዳ ሰው እንፈልጋለን» የሚል መልእክት ቢደርሰው አይገረም። መልእክቱ የሚመጣው ገና ቅጠሉ ሳይረግፍ ነው። በረዶ የሚባል ነገር የለም። ታዲያ ምኑ ነው የሚጸዳው?

አገር አቋራጭ ስኪ በወንበር ማንሻ ተራራ ላይ ወጥቶ ቁልቁል መንሸራተት አይደለም። ረጅምና ቀጭን ሰሌዳ (ስኪ) እግር ላይ አስረው በበረዶ ላይ በራስ ጉልበት በጫካና በሜዳ መሀል፣ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም የሚሄዱበት ስፖርት ነው። ለእኛም ቢሆን ጨርሶ ባዕድ አይደለም። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ በክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን በመወከል የመጀመሪያው የሆነው በዚሁ ስፖርት ነው። በ2010 ቫንኩቨር ላይም ተወዳድሯል።

ለዚህ ስፖርት ግን በረዶ ስለወደቀ ብቻ መንገድ አይኖርም። አንድ ሰው ሌሊት ማሽን እየነዳ በረዶውን ጠቅጥቆ፣ ደልድሎ፣ ስኪው የሚገባበትን ቦይ አውጥቶ ማደር አለበት። በብዙ ቦታ ይህን የሚሠሩት ደመወዝ የማይከፈላቸው የክለብ አባላት ናቸው። በሚኒሶታ ዕድሜው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በግዛቱ የስኪ መንገዶችና ክለቦች በግዛቱ ድጎማ በሚይዟቸው መንገዶች ላይ ለመንሸራተት ፈቃድ ይገዛል። ከዚያ የሚሰበሰበው ገንዘብ በካውንቲ (በአውራጃ) ወይም በከተማ በኩል አልፎ ክለቦቹን ይደግፋል። ያግዛል፤ ግን ሌሊት የሚነሳ ሰው ከሌለ ገንዘብ ብቻውን ማሽን አይነዳም።

አሥር፣ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር መንገድ ያለው ትንሽ ክለብ በእጃችሁ ቢገባ ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ይሄዳል።

1. በመስከረምና በጥቅምት መንገዱን አዘጋጁ

የክረምቱ ሥራ ግማሹ የሚያልቀው በረዶው ከመውደቁ በፊት ነው። ሣሩን ዝቅ አድርጋችሁ እጨዱ። ረጅም ሣር በረዶውን ከመሬት ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፤ ከሥሩ አየር ስለሚቀር ቢረግጡት ቢረግጡት አይጠቀጠቅም። በደንብ የታጨደ ሜዳ ላይ ግን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር በረዶ ለመጀመር ይበቃል። ድንጋይና ጉቶ ባለበት መንገድ የዚህ እጥፍ ያስፈልጋችኋል። ስለዚህ አንድ ቀን ድንጋይ መልቀም ማለት ምናልባት ሁለት ሳምንት ቀድሞ መንገድ መክፈት ማለት ነው።

ቅርንጫፍ ስትቆርጡ አሁን ለቁመታችሁ የሚበቃችሁን ሳይሆን ከዚያ በላይ ቁረጡ። በጥር ወር እናንተ በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ከፍ ብላችሁ ትቆማላችሁ፤ ቅርንጫፉ ደግሞ እርጥብ በረዶ ተሸክሞ ዝቅ ይላል። ሦስት ሜትር ያህል ነጻ ይሁን። የውሃ ማፋሰሻ ቱቦዎቹን ክፈቱ፤ ካልተከፈቱ ውሃው መንገዱ ላይ ወጥቶ በረዶ ግግር ይሆናል። የሞተር መጋዝ የሚይዘው የሠለጠነ ሰው ብቻ ይሁን፤ የራስ ቁር፣ የዓይን መከላከያና የእግር መከላከያ ሳያደርግ አይጀምር። ሌላው ቅርንጫፍ ይጎትት።

ይህ ቀን በአገራችን አነጋገር ደቦ ነው። ደቦ የጠራ ሰው ደግሞ ምሳ ያዘጋጃል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተጀምሮ 6 ሰዓት ላይ ያልቃል ካላችሁ 6 ሰዓት ላይ ይለቅ፤ ትኩስ ሾርባና ዳቦ ይኑር። አንዴ «እስከ 6» ተብሎ እስከ 10 ሰዓት የቆየ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ስልክ አያነሳም።

2. ሰው በስም ጠይቁ

ክለብ የሚሞተው ማሽን ስላጣ አይመስለኝም። ማሽኑን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየክለቡ አይጠፋም። ጎበዝ ነው፣ ቅን ነው፣ በየሌሊቱ ይወጣል። ሌላው ሁሉ «እሱ አለ» ብሎ ይተኛል። እሱም ቀስ በቀስ ማሽኑን ሌላ ሰው ሲነካበት ቅር ይለዋል። ከዚያ አንድ ቀን ይታመማል፣ ሥራ ይቀይራል፣ ወይም ይቀየማል። በነጋታው የጋራዡ ቁልፍ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ሥራ ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቀው።

በዋትስአፕ ግሩፕ ላይ «ማን ይረዳናል?» ብሎ መጻፍ ብዙም አያመጣም። ሁሉም አንብቦ ሌላው ይመልሳል ብሎ ያልፋል። ሥራውን ቆራርሳችሁ በስም ጠይቁ፦ «ወይዘሮ እንትና፣ ቅዳሜ ከ3 እስከ 5 ሰዓት በሰሜኑ ዙር ላይ ያሉትን ምልክቶች ይሰቅሉልናል?» እንዲህ ያለ ጥያቄ መልሱ እሺ ወይም አልችልም ነው። ሁለቱም ይጠቅማችኋል።

ሥራው ደግሞ መንዳት ብቻ አይደለም። ነዳጅ የሚያመጣ፣ ሞተር የሚጠግን፣ ምልክት የሚሰቅል፣ ገንዘብ የሚይዝ፣ የመንገዱን ሁኔታ በየቀኑ ጽፎ የሚያሳውቅ፣ ሾርባ የሚሠራ ያስፈልጋል። ስኪ እግሩ ላይ አድርጎ የማያውቅ ወላጅም ቦታ አለው። እንዲያውም ጎበዝ መካኒክ ከተገኘ ስኪ ይቻል አይቻል ማንም አይጠይቀውም።

ነጂ ስትመርጡ ፍጥነት የሚወደውን ተዉት። የምትፈልጉት ታጋሽ፣ ሲመለስ ያየውን መዝገብ ላይ የሚጽፍ ሰው ነው። ሥልጠናው በሦስት ደረጃ ይሂድ። መጀመሪያ አብሮ ወጥቶ ያያል። ቀጥሎ እሱ ይነዳል፣ ነባሩ ይከተለዋል። በመጨረሻ ብቻውን ይወጣል፤ ግን መውጣቱንና መመለሱን በስልክ የሚከታተለው ሰው ይኑር። ይህ በስልክ መከታተል ለነባሮቹም አይቅር። ሌሊት፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ፣ ጫካ መሀል ማሽን የተቀበረበት ሰው ማን እንደሚፈልገው ማወቅ አለበት።

ሕጉን በተመለከተ ሁለት ነገር። ሚኒሶታ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1976 በኋላ የተወለደ ሰው ስኖውሞቢል (በበረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር) ለመንዳት የደኅንነት ሥልጠና ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። ወጣት ነጂዎቻችሁን አሁኑኑ ላኳቸው። ሁለተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የፌዴራል የበጎ ፈቃደኞች ጥበቃ ሕግ በጎ ፈቃደኛውን በተወሰነ ደረጃ ይጠብቃል፤ ክለቡን ግን አይጠብቅም። «በነጻ ነው የምንሠራው፣ ማን ይከሰናል» አትበሉ። ኢንሹራንስ ግዙ።

3. በአቅማችሁ ማሽን ያዙ

በትልልቅ ቦታዎች የምታዩት ፒስተን ቡሊ የሚባለው የጀርመን ማሽን አዲሱ በመቶ ሺዎች ዶላር ይሸጣል። ለትንሽ ክለብ ሰንሰለቱ ሰፊ የሆነ የሥራ ስኖውሞቢል ይበቃል። ከኋላው የሚጎተቱት ሦስት ዕቃዎች ናቸው፦ አዲስ በረዶ የሚጠቀጥቅ ሮለር፣ ጥርስ ያለውና የሚደለድል መደልደያ፣ እና ቦይ ማውጫ። ገንዘብ ካነሰ ከሮለሩ ጀምሩ።

4. ሌሊቱን ምረጡ

የሥራው እምብርት እዚህ ነው። አዲስ በረዶ ሲወድቅ አብዛኛው አየር ነው። ማሽኑ ሲረግጠውና ሲያገላብጠው የበረዶው ቅንጣቶች ይሰባበራሉ፣ ይቀራረባሉ፤ ከዚያ ሳይነኩ ሲቆዩ እርስ በርስ ይያያዛሉ። መንገዱን የሚያጠነክረው ማሽኑ ካለፈ በኋላ ያለው ዕረፍት ነው። ለዚህም ሦስት፣ አራት ሰዓት፣ ቢቻል ሙሉ ሌሊት ስጡት። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደልድላችሁ 3 ሰዓት ላይ ሰው ካስገባችሁ እስከ ቀትር ይፈርሳል።

መቼ እንደምትወጡ ለማወቅ ጓንታችሁን አውልቁና አንድ እፍኝ በረዶ ጨብጡ። ስትከፍቱት ተበትኖ ከፈሰሰ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው፤ ይጠቀጠቃል፣ ለመያያዝ ግን ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ድብልብል ብሎ ከቀረ ጥሩ ሌሊት አግኝታችኋል። ውሃ ካንጠባጠበ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ። እርጥብ በረዶን ረግጣችሁ ሌሊት ብርድ ከመጣ ጠዋት የምታገኙት እንደ መስታወት የሚያንሸራትት ግግር ነው። ሙቀቱ መውረድ ሲጀምር፣ የላዩ ውሃ ጠፍቶ በረዶው ገና ሳይደርቅ፣ ያኔ ውጡ። በመጋቢት ይህ ሰዓት ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ይመጣል። ጥሩ ነጂ የሚለየው በመውጣቱ ብቻ አይደለም፤ «ዛሬ አልወጣም» ማለት ስለሚችልም ነው።

የመጀመሪያው በረዶ ሲወድቅ ጥርስ ያለውን መደልደያ አትንኩ። መሬቱን ቆፍሮ አፈርና ቅጠል ያወጣባችኋል፤ የጠቆረ በረዶ ደግሞ ፀሐይ ይስባል። በሮለር ብቻ ጠቅጥቁ። ትልቅ የበረዶ ዶፍ እስኪያቆም ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ፤ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል በወደቀ ቁጥር አንዴ እለፉበት። ሠላሳ ሴንቲ ሜትር በአንዴ ከተጠቀጠቀ ላዩ ጠንክሮ ውስጡ ባዶ ይቀራል፣ የሚንሸራተተው ሰው የሚገፋበት ዱላም ዘልቆ ይሰምጣል።

መሠረቱ ከያዘ በኋላ መጀመሪያ ሰፊውን ክፍል ደልድሉ። ይህ እግራቸውን ወደ ጎን እየገፉ ለሚሄዱት፣ «ስኬቲንግ» ለሚባለው አካሄድ ነው። ቦዩን መጨረሻ ላይ፣ በቀኝ ጠርዝ አውጡ። ቦዩ እግራቸውን ቀጥ አድርገው ወደ ፊት ለሚሄዱት፣ «ክላሲክ» ለሚባለው አካሄድ ነው፤ ሁለቱ ስኪዎች የሚገቡባቸው ትይዩ መስመሮች ናቸው። በዓለም አቀፉ የውድድር ደንብ በሁለቱ ቦዮች መሀል ያለው ርቀት ከ17 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀታቸው ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ነው። ቁልቁለት ላይ ባለ ጠማማ ኩርባ ቦይ ማውጫውን አንሱት። እግሩ ቦይ ውስጥ የተያዘ ሰው ኩርባው ላይ መዞር አይችልም፣ ዛፍ ነው የሚያገኘው።

ፍጥነታችሁ በሰዓት አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሁን። አሰልቺ ነው፤ ይሁን። ዳገት መሀል አትቁሙ። ዕቃ እየጎተታችሁ ወደ ኋላ አትሂዱ፤ መጎተቻው ይታጠፋል። ቦይ ማውጫውን መሬት ላይ አድርጋችሁ ሻይ አትጠጡ፣ ይጣበቃል። አካፋ፣ ገመድ፣ መጋዝ፣ የግንባር መብራትና ደረቅ ጓንት ሳትይዙ ከጋራዥ አትውጡ።

5. ያለውን እንዳለ ተናገሩ

ነጂው ሲመለስ ሰዓቱን፣ የሸፈነውን ዙር፣ የሙቀቱን መጠንና ያየውን ችግር ይጻፍ። ለሕዝቡም ያው ይነገር። «ምሥራቁ ዙር ጥሩ ነው፣ ከድልድዩ በኋላ ድንጋይ ወጥቷል» ማለት «መንገዱ ግሩም ነው» ከማለት ይሻላል። አንድ ሰዓት ነድቶ መጥቶ ጭቃ ያገኘ ሰው ሁለተኛ አያምናችሁም።

በእግር የሚሄዱና ውሻ ይዘው የሚመጡ አሉ። ማታ ለስላሳ ቦይ ውስጥ የገባ ጫማ ጠዋት የቀዘቀዘ ጉድጓድ ነው። ተቆጥቶ ሰሌዳ ከመስቀል ይልቅ በአጠገቡ የእግር መንገድ ጠቅጥቃችሁ በፍላጻ ማሳየት ይሠራል። ሰው የሚረግጥበት ከተሰጠው አብዛኛው እዚያው ይሄዳል።

6. በረዶ ካልመጣ

እ.ኤ.አ. በ2024 ክረምት በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ በረዶ ጠፋ። ከ1973 ጀምሮ በዊስኮንሲን የሚካሄደው ታላቁ የአገር አቋራጭ ስኪ ውድድር፣ አሜሪካን ብርከባይነር፣ በሰው ሠራሽ በረዶ በተሠራ 10 ኪሎ ሜትር ዙር ላይ ተካሄደ። በዚያው ዓመት የካቲት የሚኒሶታዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ በቴዎዶር ዊርዝ ፓርክ የስኪ የዓለም ዋንጫ ውድድር ስታዘጋጅ መሠረቱ ያው ሰው ሠራሽ በረዶ ነበር፤ የተፈጥሮው በረዶ የደረሰው ውድድሩ ሁለት ቀን ያህል ሲቀረው ነው። ትንሽ ክለብ በረዶ መሥሪያ መግዛት አይችልም። የሚችለው ጥላ ባለበት አንድ አጭር ዙር መርጦ፣ ከጎን በአካፋ እየሞላ እሱን ብቻ ማቆየት ነው። የቀረውን ዝጉ። ስስ በረዶ ላይ የተነዳ ማሽን ያለውንም ይጨርሳል።

7. በመጋቢት መጨረሻ

ሰዓት ቁጠሩ። ድጎማ ስትጠይቁ የበጎ ፈቃደኞች ሰዓት ዝርዝር ያስፈልጋችሁ ይሆናል፣ በኋላ ከጭንቅላት ማውጣት ደግሞ አይቻልም። ክለቡ 501 ሲ 3 (ከፌዴራል ታክስ ነጻ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት) ከሆነና አባሉ ታክስ ሲሞላ ተቀናሾቹን የሚዘረዝር ከሆነ፣ ለክለቡ ሥራ በመኪናው የነዳውን በማይል 14 ሳንቲም ማስቀነስ ይችላል። ብዙ አይደለም፤ መንገር ግን ደግ ነው።

ማሽኑን አጥባችሁ፣ ነዳጁ ውስጥ ማቆያ ጨምራችሁ አቁሙት። አይጥ ሽቦ እንዳይበላ የአየር ማስገቢያውን ድፈኑና መደፈኑን የሚያስታውስ ወረቀት መሪው ላይ ለጥፉ። ምልክቶቹን ሰብስቡ። ከዚያም ሁሉም ወደየጓሮው ሳይበተን፣ የክረምቱ ደስታ ከፊቱ ሳይጠፋ፣ የሚመጣውን ዓመት ነጂዎች ጠይቁና ስማቸውን ጻፉ። በመስከረም ከሚጠየቅ ሰው በመጋቢት የሚጠየቅ ቶሎ እሺ ይላል።