የድሮ ፊልም ካሜራችሁ ብርሃን ሲያንስ በአውቶ በትክክል እንዲለካ እንዴት ታደርጋላችሁ

አንድ ሰው ማታ ከጠረጴዛ መብራት አጠገብ ተቀምጧል እንበል። ካሜራውን አውቶ ላይ አድርጋችሁ ታነሱታላችሁ። ፊልሙ ሲታጠብ የመብራቱ ቆብ ከነስፌቱ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል፣ ሰውየው ግን ጥላ ሆኖ ቀርቷል። ካሜራው አልተበላሸም። ሜትሩ፣ ማለትም ካሜራው ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ፣ የደረሰውን ብርሃን ሁሉ ደባልቆ ወደ መካከለኛ ግራጫ ያመጣዋል፣ እናንተ የፈለጋችሁት የሰውየውን ፊት ይሁን አምፖሉን አያውቅም። የምትነግሩት እናንተ ናችሁ።

መጀመሪያ ሜትሩን እወቁ። ሌንሱን የከበበ፣ የማር ቀፎ የመሰለ መስታወት ካለው ሜትሩ ሴሊኒየም ነው፤ ከብርሃኑ ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ ባትሪም አይፈልግም። ኦሊምፐስ ትሪፕ 35 እንዲህ ነው፦ ብርሃን ሲያንሰው መመልከቻው ውስጥ ቀይ ምልክት ብቅ ይላል፣ ሻተሩም (ተከፍቶ ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያስገባው መዝጊያ) እምቢ ይላል። እሱን ማታ በአውቶ ለማሠራት አትድከሙ፣ ፍላሽ ግጠሙለት። የካድሚየም ሰልፋይድ ሴል (በባትሪ የሚሠራ ብርሃን መለኪያ) ያላቸው ደግሞ ጨለማ ውስጥ ቀርፋፋ ናቸው፣ ከደማቅ ብርሃን ወደ ክፍል ስትገቡም የቅድሙ ብርሃን ለጥቂት ጊዜ አይለቃቸውም። የሜትሩ መርፌ እስኪረጋ ታገሱ። የሲሊኮን ሴል ካለው ይህ ጣጣ የለም።

ባትሪውንም እዩ። ብዙ የድሮ ካሜራዎች የተሠሩት ለ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ነው። በቦታው 1.5 ቮልት አልካላይን ስታስገቡ ብዙዎቹ ብርሃኑ ከእውነቱ የበዛ ይመስላቸዋል፣ ፎቶውም ይጨልማል። የጆሮ መስሚያ መሣሪያ የዚንክ ኤር ባትሪ 1.4 ቮልት አካባቢ ስለሆነ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ሰውየው። ፊቱ መመልከቻውን እስኪሞላ ተጠጉና መብራቱን ከፍሬሙ አስወጡ፣ ካሜራው የልኬት መቆለፊያ ካለው ቆልፉ፣ ከዚያ ወደ ቦታችሁ ተመልሳችሁ አንሱ። መቆለፊያ ከሌለው ካሜራውን በፊልም ፍጥነቱ ቁጥር (ISO ወይም ASA፣ ፊልሙ ለብርሃን ያለው ስሜት) አታሉት፦ 400 ፊልም ይዛችሁ 200 ላይ ብታደርጉት ካሜራው እጥፍ ብርሃን ይሰጣል። አምፖሉ ፍሬም ውስጥ ከገባ አንዳንዴ 100 ድረስም መውረድ ያስፈልጋል። ኔጋቲቭ ፊልም ትንሽ ብርሃን ቢበዛበት ይችለዋል፣ ሲያንሰው ግን ጥላው ውስጥ የቀረውን ማንም አያወጣውም። ጨለማው ጨለማ ሆኖ እንዲቀር ከፈለጋችሁ በተቃራኒው 800 ላይ አድርጉ። ስትጨርሱ ቁጥሩን መልሱት! ይህን ረስቶ ሙሉ ጥቅል ማበላሸት በጣም ቀላል ነው።

ከዚያ የሻተሩን ፍጥነት ተከታተሉ። ያሺካ ኤሌክትሮ 35 ሻተሩ ከ1/30 ሰከንድ ሲዘገይ ቢጫ መብራት ያበራል። ያኔ እጃችሁን አትመኑ፣ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ አድርጉት። በሌንሱ በኩል የሚለካ ካሜራ ከሆነና ዓይናችሁን ከመመልከቻው ካነሳችሁ፣ ከኋላ የሚገባው ብርሃን ሜትሩን ያሳስተዋል፤ መመልከቻውን በጨርቅ ወይም በመዳፋችሁ ሸፍኑት።

የመጨረሻው ነገር ከሜትሩ ሳይሆን ከፊልሙ ነው የሚመጣው። ከ1 ሰከንድ በላይ ሲሆን ፊልም ብርሃን መቀበል ይሰንፋል። ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስ ላይ ሜትሩ 10 ሰከንድ ካለ የሚያስፈልገው 20 አካባቢ ነው። አብዛኛው አውቶ ይህን አያሰላም፣ ስለዚህ «ቢ» (ሻተሩ እስከያዛችሁት ድረስ ክፍት የሚቆይበት ቦታ) ላይ አድርጋችሁ በመልቀቂያ ገመድ ራሳችሁ ቁጠሩ።