ነፋሱን ሳይጠይቁ ጀልባ መከራየት፦ በሲሼልስ የካታማራን ጉዞ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ከአዲስ አበባ እስከ ማሄ፣ የሲሼልስ ዋና ደሴት፣ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ገደማ ነው። ቤተሰብ ወይም ጓደኛሞች ተሰባስበው ካፒቴንና አብሳይ ያለው ካታማራን (ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት ቀፎዎች፣ ማለትም ተንሳፋፊ አካላት፣ ያሉት ባለ ሸራ ጀልባ) ለሳምንት ለመከራየት ሲያስቡ ሲሼልስን የሚመርጡት አንዱ በዚህ ቅርበት ነው። ጉዞው ሲበላሽ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ገና ቤት ቁጭ ተብሎ ሲታቀድ ነው።

ፎቶ አይቶ ፕሮግራም ማውጣት

ከሁሉም የሚያንገበግበው ይህ ነው። ሰው ያማሩ የባሕር ዳርቻ ፎቶዎችን ይሰበስባል፣ በቀን በቀን ይደለድላል፣ «ሰኞ ግራንድ አንስ፣ ማክሰኞ አንስ ላዚዮ» ብሎ ለካፒቴኑ ይሰጠዋል። ፎቶው በየትኛው ወር እንደተነሳ ግን አልጠየቀም።

ሲሼልስ ሁለት ነፋስ አላት። ከግንቦት እስከ መስከረም ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይበረታል፣ ከ15 እስከ 25 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) መድረሱ የተለመደ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ጉልበቱ ለስለስ ይላል፣ ዝናቡ ግን ይበዛል። በሁለቱ መካከል፣ ሚያዝያና ጥቅምት ላይ፣ ባሕሩ ይተኛል። ውሃው ስለሚጠራ ለመጥለቅ ይመቻል፤ ሸራ የሚወጥር ነፋስ ስለሚጠፋ ግን አብዛኛው መንገድ በሞተር ነው።

ስለዚህ አንዱ ዳርቻ እንደ ወሩ ሌላ ቦታ ይሆናል። የላ ዲግ ደሴቱ ግራንድ አንስ ለደቡብ ምሥራቅ የተጋለጠ ነው፤ ነሐሴ ላይ ሞገዱ አንዱ ባንዱ ላይ ይወድቃል፣ ወደ መሃል ባሕር የሚጎትተው ውሃ ጎበዝ ዋናተኛንም ይወስዳል። በዚያው ሳምንት የፕራስሊን ደሴቱ አንስ ላዚዮና የማሄው ቦ ቫሎን ከደሴቶቹ ጀርባ ተከልለው ረጋ ይላሉ። ጥር ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቦ ቫሎን ላይ መልህቅ ጥሎ ያደረ ሌሊቱን ሲወዘወዝ ያነጋል።

የእኛ ሰው ዕረፍት የሚወጣው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው፤ ይህም ነፋሱ ከሚበረታበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። ወሩን መቀየር ካልቻላችሁ አትሰርዙት። ዝርዝር ፕሮግራሙን ትታችሁ ለካፒቴኑ የምትፈልጉትን ብቻ ንገሩት፦ «ግዙፎቹን ኤሊዎች ማየት፣ ሁለት ቀን ዋና፣ አንድ ቀን ላ ዲግ ላይ ብስክሌት»። ቅደም ተከተሉን በየማለዳው የአየር ትንበያ አይቶ እሱ ያወጣዋል። ከማሄ ፕራስሊን 25 ኖቲካል ማይል (46 ኪሎ ሜትር) ያህል ነው። የሚኬደው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለሆነ የነሐሴው ነፋስ ከጎን ይመጣል፤ ለሸራ ደስ የሚል አቅጣጫ ነው፣ ከ6 እስከ 8 ኖት እየተኬደ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ገደማ ይደረሳል። ከፕራስሊን ላ ዲግ ግን አጭር ቢሆንም ነፋሱን ፊት ለፊት መጋፈጥ ነው። ካታማራን እንደ አንድ ቀፎ ጀልባ ወደ ጎን አያጋድልም፤ ሞገድ ሲገጥመው ግን በሁለቱ ቀፎዎች መካከል ያለውን ወለል ከሥር ይደበድበዋል። የማቅለሽለሽ መድኃኒት የሚወሰደው መልህቅ ከመነሳቱ አንድ ሰዓት በፊት ነው፤ ካቅለሸለሸ በኋላ ቢውጡት ብዙ አይረዳም።

ካፒቴኑ «በጠዋት እንነሳ» ሲል የሚያጉረመርሙ አሉ። ምክንያት አለው። ከሥር ያለው የኮራል ድንጋይ የሚታየው ፀሐይ ከላይ ስትሆን ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ዘቅዘቅ ስትል የውሃው ገጽ ያንጸባርቃል፣ ታቹ ይሰወራል፤ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ደግሞ ይጨልማል። መልህቅ የሚጣለው ከዚያ በፊት፣ አሸዋውን እያዩ ነው።

ካቢን ሲቆጠር ሠራተኞቹን መርሳት

አራት ካቢን ያለው 45 ጫማ ካታማራን ስምንት እንግዳ ይይዛል ተብሎ ይጻፋል። ካፒቴኑና አብሳዩ የት ይተኛሉ? በአንዳንድ ጀልባ ከፊት ጫፍ፣ መግቢያዋ ከላይ የሆነ ጠባብ ክፍል አለቻቸው። ከሌለች ከአራቱ አንዱ የእነሱ ነው፤ ስምንት ሆኖ የመጣው ቡድን ለስድስት ሰው የሚሆን ቦታ ይጠብቀዋል። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የጀልባውን የውስጥ ንድፍ አስልኩና በእያንዳንዱ አልጋ ላይ የሰው ስም ጻፉበት። ቀኑንም እንዲሁ ቁጠሩ። «8 ቀን» ሲባል የመጀመሪያው ቀን የሚሳፈሩት ከሰዓት በኋላ ነው፣ በመጨረሻው ጠዋት ደግሞ በጊዜ መውረድ አለ፤ የመጨረሻው ሌሊት የሚታደረውም አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ወደብ ወይም አጠገቡ ነው። ባሕር ላይ በደንብ የሚዋለው ስድስት ቀን ነው።

«ሁሉን ያካተተ» የሚለውን ሳይጠይቁ መፈረም

ነዳጅ፣ የወደብ ክፍያ፣ የባሕር ፓርክ መግቢያ፣ መጠጥ፦ እያንዳንዱን በስሙ ጠይቁ። አንዳንዱ ውል ከኪራዩ ውጭ ለስንቅና ለነዳጅ ተቀማጭ ያስከፍላል፤ ከኪራዩ ከ25 እስከ 35 በመቶ ሊደርስ ይችላል፣ የተረፈው ይመለሳል። የሠራተኞቹን ጉርሻም በጀት ውስጥ አስገቡ።

የምግብ ቅጹን በአንድ መስመር መመለስ

ከጉዞው በፊት ስለ ምግብ የሚጠይቅ ቅጽ ይላክላችኋል። «ሁሉን እንበላለን» ብሎ መመለስ ትልቅ ስህተት ነው፤ በተለይ ለእኛ። የሳምንቱ ስንቅ በአብዛኛው የሚገዛው ማሄ ላይ፣ እናንተ ሳትደርሱ ነው። ፕራስሊንና ላ ዲግ ላይ ያሉት ሱቆች ትንንሽ ናቸው፤ የጎደለውን መሃል ላይ መሙላት ይከብዳል።

ጉዞው ከነሐሴ 1 እስከ 15 ከዋለ ፍልሰታ ነው። አብሳዩ «ጾም» ሲባል ምን እንደሚቀር አያውቅም። «ቪጋን» ብላችሁ ጀምሩና ዘርዝሩት፦ ሥጋ የለም፣ ወተትና ቅቤ የለም፣ አይብ የለም፣ እንቁላል የለም። ስለ ዓሣ ለብቻው ጻፉ፤ በደሴት አገር አብሳይ ዘንድ ሥጋ የማይበላ ሰው ዓሣ ይበላል ብሎ ማሰብ ያለ ነው። የምትጾሙት እስከ 9 ሰዓት ከሆነ ሰዓቱንም ጻፉ፤ አለዚያ ጠዋት ጠረጴዛው ሙሉ ሆኖ ይጠብቃችኋል፣ ማታ ግን ትንሽ ነገር ይቀርባል። ሃላል ሥጋ የምትፈልጉም እንዲሁ በግልጽ አስፍሩት።

ዋና አለመቻልን መደበቅ

ደጋ ላይ ላደገ ሰው ዋና አለመቻል የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ሳይናገሩ መሄድ ግን አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ወደ ዳርቻ የሚወጣው በትንሿ የጎማ ጀልባ ነው፣ ብዙ ቦታም መውረጃ ድልድይ የለም። አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የልጆቹን ክብደት በኪሎ ጻፉ፣ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት የሚመረጠው በእሱ ነው። በጎማ ጀልባዋ ውስጥ ካፒቴኑ «አሁን» ሳይል ማንም አይነሳ። እሱ በሞገዶች መካከል ያለችውን ፋታ እየጠበቀ ነው።

የወፎች መጠበቂያ የሆነችው ኩዛን ደሴት ለብቻዋ ትታይ። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ጠዋት ብቻ ትጎበኛለች፤ የእናንተ ጀልባ ዳርቻዋን አይነካም። አይጥ ወደ ወፎቹ እንዳይገባ ጠባቂዎቹ ራሳቸው በጀልባቸው መጥተው ይወስዷችኋል፣ ጀልባዋንም በፍጥነት እየነዱ አሸዋው ላይ አውጥተው ያቆሟታል። ስልክና ካሜራ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ይሁን።

ሌሎቹ በአጭሩ

ጠንካራ ሻንጣ አትያዙ፤ ካቢን ውስጥ ማስቀመጫ የለውም፣ የሚታጠፍ የጨርቅ ቦርሳ ይበጃል።

የአየር ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሙሉ እንዲሠራ ከፈለጋችሁ ጄኔሬተሩ በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደሚበራ ጠይቁ፤ በባትሪ ብቻ እስኪነጋ የሚያሠራ ጀልባ ጥቂት ነው።

መጸዳጃው ውስጥ ሶፍት እንኳ አትጣሉ፤ ቱቦው ጠባብ ነው።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የግድ ነው። ኢትዮጵያ በሽታው ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች፣ ከአሜሪካ መጥቶ አዲስ አበባ ሁለት ሳምንት የቆየ ሰውም ይጠየቃል፤ የሚታየው የመጣችሁበት አገር እንጂ የፓስፖርቱ ዓይነት አይደለም። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ ይወሰድ። ቪዛ አያስፈልግም፤ የመግቢያ ፈቃዱ ግን ከመነሳታችሁ በፊት በኢንተርኔት ይሞላል።

ኮኮ ደ ሜር የምትባለውን ትልቅ ዘር ከገዛችሁ ሕጋዊ ማረጋገጫ ወረቀቷን አብራችሁ ተቀበሉ፤ ያለ ወረቀቱ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ትወረሳለች።