ከኮምቦልቻ ሲበሩ ትርፍ ኪሎ የሚያስከፍሉ ስህተቶች

ከሁሉም የሚብሰው ሻንጣው ተመዝኖ ካለቀ በኋላ መልሶ መክፈት ነው። መንገደኛዋ ማታ መዝና፣ ልኩን አውቃ ትተኛለች። ጠዋት ጎረቤት ይመጣል፦ «ይቺን በርበሬ ለልጄ አድርሺልኝ፣ ምንም አትከብድም።» ሌላዋ ሽሮ ታመጣለች፣ አክስት በሶና ቅቤ። እምቢ ማለት ነውር ስለሚመስል ሁሉም ይገባል። ከደሴ ሀረጎን ወርዳ ኮምቦልቻ ኤርፖርት ሚዛን ላይ ስታወጣው ነው ጉዱ የሚፈላው። ወደ ጅዳ የምትሄድ ልጅ ሻንጣዋን ወለሉ ላይ ዘርግታ፣ የራሷን ጫማና ጃኬት እያወጣች ለሸኚዎቿ ስትሰጥ አይቻለሁ። የሰው አደራ ግን አንድም አልቀነሰችም። አንጀት ይበላል!

እባካችሁ አደራ የምትልኩ፣ ቀደም ብላችሁ አምጡ፤ ኪሎውን መዝናችሁ ንገሩ፤ ትርፍ ከመጣም ክፍያውን እናንተ ቻሉ። መንገደኞችም ታሽጎ የመጣውን ሳትፈቱ አትቀበሉ። ሳዑዲና ኤምሬትስ ጫት ክልክል ነው፤ ሲያዝ የሚጠየቀው የሻንጣው ባለቤት ነው።

ሌላው የሂሳብ ስህተት ነው። «ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ» ማለት 46 ኪሎ እንደፈለጉ መከፋፈል አይደለም። አንዱ 30፣ ሌላው 12 ከሆነ ድምሩ ቢያንስም በ30ው ትከፍላላችሁ። ቲኬቱ ላይ «ፒሲ» ካለ የሚቆጠረው በሻንጣ ነው፤ ኪሎ ብቻ ከተጻፈ በጠቅላላ ክብደት ነው። አንድ ሻንጣ ከ32 ኪሎ ካለፈ ደግሞ ብትከፍሉም በአብዛኛው አይቀበሉትም።

የኮምቦልቻ–አዲስ አበባን ቲኬት ከውጭው ለይቶ መግዛትም ብዙ ሰው ያስከፍላል። ለየብቻ ሲገዛ እስከ ቦሌ ያለው በረራ የሚመዘነው በአገር ውስጡ ልክ ነው፣ እሱም ከውጭው ያንሳል። ከኮምቦልቻ እስከ መድረሻው በአንድ ቲኬት አስቆርጡ፤ የውጭው ኪሎ ከመነሻው ጀምሮ ይሠራላችኋል። ቲኬት ቆራጩን ይህን ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

ባዶውን ብቻ አምስት ኪሎ የሚመዝን ጠንካራ ሻንጣ አትግዙ።

ቤት ውስጥ ለመመዘን የሰው ሚዛን ይበቃል፦ ሻንጣውን ይዛችሁ ቁሙ፣ ከዚያ ብቻችሁን፣ ቀንሱ።

ከባዱን ሁሉ ወደ እጅ ሻንጣ ማዞር አያዋጣም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኢኮኖሚ 7 ኪሎ ነው፣ አገር ውስጥ የሚበረው ዳሽ 8 የተባለው ትንሽ አውሮፕላን ደግሞ የላይ መደርደሪያው ጠባብ ነው። ማርና ቅቤ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠሩ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በእጅ አያልፉም፤ ሻንጣ ውስጥ በደንብ አሽጓቸው። ፓወር ባንክ ግን በተቃራኒው፣ ከሻንጣ ወጥቶ በእጅ ነው የሚያዘው።

ትርፍ እንደማይቀርላችሁ ካወቃችሁ ተሰልፋችሁ አትጠብቁ። ብዙ አየር መንገዶች ቀድሞ ለሚከፍል ይቀንሳሉ፤ በመተግበሪያቸው ወይም በቲኬት ቢሮ አስቀድማችሁ ክፈሉ፣ ደረሰኙንም ስልካችሁ ላይ ያዙ።