ለቤዝ ጊታራችሁ አዲስ ፒካፕ ከማዘዛችሁ በፊት

ቤዙ ድምፁ ይደበዝዛል፣ ወይ እዝዝዝ ይላል፣ ወይ ባንዱ ሲጀምር ጭራሽ አይሰማም። እንዲህ ሲሆን ብዙ ልጆች ቀጥታ ፒካፕ (ከክሩ ሥር ሆኖ ንዝረቱን በማግኔትና በሽቦ ጥምጥም ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ዕቃ) ወደ ማፈላለግ ይሄዳሉ። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆኖ ግን «ካልተስማማኝ እመልሰዋለሁ» የሚባል ነገር የለም። እዚህ ክር፣ ኬብልና ማይክ አይጠፋም፤ የቤዝ ፒካፕ ግን አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ በሚመላለስ ሰው ወይም ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው የሚገባው። 400 ኪሎ ሜትር ርቆ የተገዛ ዕቃ ማን ይመልስላችኋል? ስለዚህ መጀመሪያ መርምሩ፣ ቀጥሎ ለኩ፣ ብሩን መጨረሻ ላይ አውጡ።

ከክሩ ጀምሩ። ዓመት ያለፈው ክር ላይ የትኛውንም ፒካፕ ብትገጥሙ ድምፁ አይነሳም። የቤዝ ክር ውድ መሆኑ ይገባኛል፤ ከፒካፕ ግን ይረክሳል። ከዚያ የፒካፑን ከፍታ እዩ። ጎንና ጎኑ ላይ ያሉትን ብሎኖች በካቻቢቴ ስታዞሩ ከፍና ዝቅ ይላል። ክሩን የመጨረሻው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ተጫኑትና ከክሩ እስከ ፒካፑ ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለኩ። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። በወፍራሙ ክር በኩል ትንሽ ዝቅ፣ በቀጭኑ በኩል ትንሽ ከፍ ይበል። በጣም ካስጠጋችሁት ማግኔቱ ክሩን ይስበዋል፤ ድምፁ ይርገበገባል፣ ቅኝቱም የወረደ ወይም የወጣ ይመስላል። አንዳንዱ ቤዝ በዚህች ብቻ ነፍስ ይዘራል።

አሁን መልቲሜትር ያዙ። ከሌላችሁ ሬዲዮና ስልክ የሚጠግን ሰው ጋ አይጠፋም። ጊታሩን መክፈት አያስፈልግም። ኬብሉን ጊታሩ ላይ ሰኩና ሌላኛውን ጫፍ ከአምፑ (ከማጉያው) ንቀሉት። ቮልዩሙንም ቶኑንም ሙሉ ክፈቱ። መልቲሜትሩን 20 ኪሎ ኦም ላይ አድርጉ፣ አንዱን ዘንግ የተነቀለው የኬብሉ መሰኪያ ጫፍ ላይ፣ ሌላውን አንገቱ ላይ ያዙ። ፕሪሲዥን ዓይነት ቤዝ (ለሁለት የተከፈለ አንድ ፒካፕ ያለው) ከ10 እስከ 11 ኪሎ ኦም አካባቢ ያነባል። ጃዝ ቤዝ (ሁለት ፒካፕ ያለው) ሁለቱም ቮልዩም ሲከፈት ወደ 4 ገደማ፣ አንዱን ስትዘጉት ደግሞ 7 ወይም 8 አካባቢ ይሰጣል። ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ከመጣ የሆነ ቦታ ሾርት አድርጓል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የጃኩ (ጊታሩ ላይ ኬብሉ የሚሰካበት ቀዳዳ) ወይም የኬብሉ ነው። «1» ብቻ ወይም «ኦኤል» ካለ ግን የፒካፑ ሽቦ፣ ወደ እሱ የሚሄደው ገመድ ወይም ራሱ ኬብሉ ተበጥሷል። ቁጥሩ ደህና ሆኖ ድምፁ የሚቆራረጥ ከሆነ ፒካፑ ጤነኛ ነው፤ ቮልዩሙን ወይም ጃኩን አስቀይሩ። ባትሪ ያለው አክቲቭ ቤዝ ላይ ግን ይህ ልኬት አይሠራም።

የሚያስቸግራችሁ ጩኸት ከሆነ አንድ ነገር ሞክሩ። ክሩን በእጃችሁ ስትነኩት ጩኸቱ ከቀነሰ የክሩ ግራውንድ (የመሬት ገመድ) ይሠራል፤ የጎደለው ሽፋን ነው፤ ማለትም ውስጡን በመዳብ ፎይል አልብሶ ከግራውንዱ ጋር ማያያዝ። ምንም ካልተለወጠ ወደ ብሪጁ (ክሩ ከታች የሚታሰርበት ብረት) የሚሄደው ቀጭን ገመድ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል፣ እሱን አስበይዱት። ክሩን ይዛችሁ ማይኩ ከንፈራችሁን ሲነዝራችሁ ግን የፒካፕ ነገር አይደለም። የቤቱ ወይም የጄኔሬተሩ ኤሌክትሪክ ችግር አለበት። ወዲያው አቁሙ፤ ኤሌክትሪሺያን ሳያየው አትንኩት። በዚህ ቀልድ የለም።

ይህን ሁሉ አይታችሁ አሁንም መቀየር ከፈለጋችሁ ወደ ምርጫው እንሂድ።

ፌንደር የተባለው ፋብሪካ ፕሪሲዥን ቤዝን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው፤ ዛሬ የምናውቀውን ለሁለት የተከፈለውን ፒካፕ ግን የገጠመበት እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ሁለቱ ግማሾች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለተጠመጠሙና ማግኔታቸውም ስለተገላበጠ ከመብራት የሚገባውን ጩኸት እርስ በርስ ያጠፉታል። እ.ኤ.አ. በ1960 የመጣው ጃዝ ቤዝ ሁለት ነጠላ (ባለ አንድ ጥምጥም) ፒካፖች አሉት። ሁለቱም እኩል ሲከፈቱ ጩኸቱ ይጠፋል፤ አንዱን ቀነስ ስታደርጉ ይመለሳል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ያ ወፍራም እምምም የሚለው ከዚያ ይመጣል።

እዚህ አካባቢ የት እንደምንጫወት አስቡት። ሠርግ በድንኳን፣ ጄኔሬተር በጓሮ፣ ባለ ቀለም መብራት ከአናት በላይ፣ ኮምቦልቻ ከሆነ ደግሞ ከአዳራሹ ጎን ብየዳ ቤት። ለእንዲህ ዓይነት ቦታ ጩኸት የማያስገባ ፒካፕ ነው የምመክረው። ፕሪሲዥን ካላችሁ ተፈጥሮው ነው። ጃዝ ካላችሁ የጃዝ ቅርጽ ይዞ ውስጡ ሁለት ጥምጥም ያለው አለ፤ ለምሳሌ የዲማርዚዮ ፋብሪካ ሞዴል ጄ። የነጠላውን ጥርት ያለ ድምፅ ትንሽ ይቀንሳል፣ ልክ ነው፤ እኔ ግን ጩኸት አልባውን እመርጣለሁ።

ሌላው ትልቁ ነገር ድምፁ ነው። ብዙ ሰው «ቤዙ የሚበዛ ፒካፕ» ይፈልጋል። የወፍራሙ ክር መሠረታዊ ድምፅ 41 ኸርዝ አካባቢ ነው፣ እኛ የምንጫወትባቸው አብዛኞቹ ስፒከሮች ደግሞ እዚያ ድረስ አይወርዱም። ሕዝቡ የሚሰማው ከላይ ያሉትን ተከታይ ድምፆች፣ 82ን፣ 123ን እና ከዚያ በላይ ያለውን መካከለኛውን ነው። በዚያ ላይ ታችኛውን ቦታ ከበሮው ይዞታል፣ የኪቦርዱ ግራ እጅም እዚያው ነው። አምባሰል ወይም ባቲ በዝግታ ስትጫወቱ ለሁሉም ቦታ አለ፤ ችክችካው ሲፈጥን ግን ታች ብቻ ያለው ቤዝ እንደ ጎርፍ ይደባለቅና የትኛው ኖታ እንደተመታ አይለይም። ስለዚህ መካከለኛው ጠንከር ያለ ፒካፕ ፈልጉ። በብዙ ሽቦ የተጠመጠመ ፒካፕ መሃሉን ያበረታና ላይኛውን ያለዝባል፤ በጥቂቱ የተጠመጠመው ይበልጥ ጥርት ይላል። ከማግኔት አልኒኮ ለስለስ ይላል፣ ሴራሚክ አብዛኛውን ጊዜ ጠንከርና ሾል ያለ ነው። ኪሎ ኦም ግን የጉልበት መለኪያ አይደለም፤ ሁለት ፒካፕ ለማወዳደር የሚጠቅመው ዓይነታቸውና የሽቦአቸው ውፍረት አንድ ሲሆን ብቻ ነው።

ልኬት ላይ እንምጣ፤ ብሩ የሚባክነው እዚህ ነው። ጃዝ ቤዝ ላይ የአንገቱ ፒካፕ ወደ 92፣ የብሪጁ ወደ 95 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ሦስት ሚሊ ምን አላት እንዳትሉ፤ ረጅሙ አጭሩ ጉድጓድ ውስጥ አይገባም። ርካሽ ቤዞች ላይ ደግሞ ሁለቱም እኩል የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ሳሙና የሚመስለው ሶፕባር ዓይነት ከሆነ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ የኢኤምጂ 35 የሚባለው 89 በ38 ሚሊ ሲሆን 40ው 102 ገደማ፣ 45ቱ 114 ገደማ ይረዝማሉ፤ ስፋታቸው አንድ ነው። ሌሎች ፋብሪካዎች የራሳቸው ልክ አላቸው። ፒካፑን አውጡና ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ የጉድጓዱን ጥልቀትና የብሎኖቹን ቦታ ለኩ። ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፣ ለሚገዛላችሁ ሰው ፎቶውን ላኩለት። በቃል «የጃዝ ነው» ብላችሁ አትላኩት። የክሩን ብዛትም ንገሩት፤ ለአራት ክር የተሠራ ለአምስት አይሆንም።

አክቲቭ ወይስ ፓሲቭ? ፓሲቩ ባትሪ የለውም፤ አክቲቩ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይፈልጋል፣ ያው መልቲሜትር ውስጥ የሚገባው አራት ማዕዘኑ። ድምፁ ንጹሕ ነው፣ ረጅም ኬብልም አያደክመውም። ግን ኬብሉ ጊታሩ ላይ እንደተሰካ ካደረ ባትሪውን ይጨርሳል፣ ወደ ባቲ ወርዳችሁ ሌሊት ሠርግ መሃል ባትሪ የሚሸጥላችሁ የለም። መለዋወጫውን ሁሌ መያዝ የምትችሉ ከሆነ ግዙት። ቮልዩሙም አብሮ መቀየር አለበት፤ ፓሲቭ በአብዛኛው 250 ኪሎ ኦም፣ የኢኤምጂ ዓይነቱ 25 ኪሎ ኦም ነው። የኢኤምጂ ጥሩ ጎኑ ያለ ሶልደር የሚገጣጠም መሆኑ ነው፣ የባትሪውን ቦታ ግን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ሁለት ፒካፕ ያለው ቤዝ ከሆነ ሁለቱንም ከአንድ ፋብሪካ በጥንድ ግዙ። አንዱን ብቻ ቀይራችሁ ሁለቱንም ስትከፍቱ ድምፁ ከቀጠነና ታችኛው ከጠፋ አቅጣጫቸው ተቃርኗል፤ የአዲሱን ሁለት ገመዶች አቀያይሩ፣ ይስተካከላል። ማግኔታቸው ካልተገጣጠመ ግን ጩኸቱ አይጠፋም፤ እሱን ገመድ አቀያይራችሁ አትፈቱትም።

ለመግጠም ክሩን አላሉ፣ ሽፋኑን ክፈቱና ምንም ገመድ ከመንካታችሁ በፊት የገመዱን ሥራ ከተለያየ ጎን በስልክ ፎቶ አንሱ። የሶልደሩን ሥራ ለማታምኑበት እጅ አትስጡ፤ ቮልዩሙ ላይ ሙቀት ሲበዛ ውስጡ ይቃጠላል። ከፒካፑ ሥር ያለው ስፖንጅ ከረገፈ በአዲስ ተኩት፣ አለበለዚያ ብሎኑን ብታላሉም ከፍ አይልም። ክሩን መልሳችሁ ከማጥበቃችሁ በፊት ቤዙን አምፑ ላይ ሰኩና በካቻቢቴው ጫፍ ፒካፑን ቀስ ብላችሁ ነካ ነካ አድርጉ፤ ሁሉም ክር ያለበት ቦታ ላይ እኩል ጠቅ ጠቅ ማለት አለበት። አሮጌውን ፒካፕ ከነብሎኑ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት፣ ነገ ቤዙን የሚገዛ ሰው ኦሪጅናሉን ሊጠይቅ ይችላል።