«ይቺን ብቻ ጨምርልኝ»፦ ሳይት ላይ የሚያስከፍሉን ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከደብረ ማርቆስ አንድ ልጅ ደወለልኝ። የሳይት መሐንዲስ ነው፤ ከተመረቀ ገና ሁለት ዓመቱ። አሠሪው በቃል «የመጋዘኑን ግድግዳ በአንድ ሜትር ከፍ አድርገው» ብሎት ከፍ አድርጓል። ክፍያ ሲጠይቅ አማካሪው፣ ማለትም ሥራውን ለአሠሪው የሚቆጣጠረው መሐንዲስ፣ «ይሄ በሥራ ዝርዝሩ የለም» አለው። አለቃው ደግሞ «ማን ሥራ አለህ?» ይለዋል። አልተቆጣሁትም። ውስጤ ግን ነደደ። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ትቻለሁ።

ትልቁ ጥፋት በቃል ትእዛዝ መሥራት ነው። እኔም ተቃጥዬበታለሁ። ቡሬ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ስንሠራ ባለቤቱ እንደ አባት ነበሩ። ጠዋት ቡና፣ ከሰዓት ጠላ። አንድ ቀን «ኢንጂነር፣ ይቺን ግድግዳ ትንሽ ገፋ አድርጋት» አሉኝ። «ምን ችግር አለው ጋሼ» አልኩ። ያቺ «ትንሽ» አንድ ሜትር ነበረች። ግድግዳው ሲገፋ 4 ሜትር የነበረው ቢም፣ ማለትም ጭነት ተሸካሚው አግዳሚ አርማታ፣ 5 ሜትር ሆነ። ቢሙን የሚያጎብጠው ኃይል ደግሞ የሚያድገው በርዝመቱ ልክ ሳይሆን በርዝመቱ ስኩዌር ነው። 16 የነበረው 25 ሆነ ማለት ነው። ፌሮው ወፈረ፣ ቢሙ ጠለቀ፣ ፎርም ወርኩ፣ አርማታው የሚሞላበት ቅርጽ ማለት ነው፣ ፈርሶ እንደገና ተሠራ። ሂሳቡን ሳቀርብ ጋሼ ከልባቸው ደነገጡ። «አንዲት ግድግዳ ይሄን ያህል?» አልዋሹም። እሳቸው ያዘዙት ግድግዳ ነው፤ የቢሙን ነገር ማን ነገራቸው? ሽማግሌ ተቀምጦ ግማሹን ተቀበልኩ። ግማሹን ዋጥኩት።

እኛ ዘንድ ፊርማ መጠየቅ ስድብ ይመስላል። «አታምነኝም እንዴ?» ይሉሃል። ጎጃም ውስጥ ቃል ትልቅ ነገር ነው፣ አውቃለሁ። አሁን የምመልሰው «እርስዎንማ አምናለሁ ጋሼ፤ የማላምነው የራሴን ጭንቅላት ነው» እያልኩ ነው። ይስቃሉ፣ ይፈርማሉ። ግማሽ ገጽ ይበቃል፦ ማን አዘዘ፣ መቼ፣ ምን፣ ስንት ብር፣ ስንት ቀን። በዚያው ቀን ይጻፍ። ካልፈረሙ ማታውኑ በቴሌግራም «ዛሬ ሳይት ላይ በነገሩኝ መሠረት…» ብለህ ላክ።

አሠሪህ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ ጨዋታው ሌላ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1724 ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ ውል በጽሑፍ ይሁን ይላል። በቁጥር 1722 መሠረት ደግሞ እንዲህ ያለው ውል ሲሻሻልም በዚያው መልክ ነው። ኃላፊው በረንዳ ላይ ቆሞ ያዘዘህን ብቻ ይዘህ ፍርድ ቤት አትሄድም።

አማካሪውን ዘለህ ከባለቤቱ ጋር አትስማማ። በቃ።

ብዙ ልጆች የተጨመረውን ብሎኬትና ሲሚንቶ አሳምረው ያሰላሉ፤ ቀን ግን አይጠይቁም። ግንቦት ላይ የምትጠፋ ዐሥር ቀን ጥቅምት ላይ ከምትጠፋው ጋር አንድ አይደለችም። ቁፋሮው ክፍት እንደሆነ ሰኔ ከገባ ጥቁሩ አፈር ምን እንደሚሆን የሠራበት ያውቀዋል። ያብጣል፣ ጉድጓዱ ኩሬ ይሆናል፣ ገረጋንቲ የጫነው ሲኖ ትራክ በር ላይ ሰምጦ ያድራል። የመዘግየት ቅጣቱ ደግሞ በብዙ ውሎች በቀን ከሺህ አንድ ነው። ውልህ በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ፊዲክ የሚባለው ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ከሆነ፣ ነገሩን ባወቅህ በ28 ቀን ውስጥ ካላሳወቅህ ጥያቄህ ቀረ።

በነፃ መጨመር አምሮህ ከሆነም ጨምር። ግን «በነፃ» ብለህ ጻፍበት። አለዚያ በሚቀጥለው ሳምንት «ያኔ ሠርተህልኝ የለም እንዴ?» መባል ይመጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የራስህ አለቃ ነው። አንዴ ባሕር ዳር ያለው አለቃዬ ደውሎ «ለምረቃው ካልደረሰ እኔና አንተ አንተዋወቅም!» አለኝ። ሶሌታው፣ ማለትም ከአዳራሹ በላይ ያለው የአርማታ ወለል፣ ከተሞላ ገና ዘጠነኛ ቀኑ ነበር። ድጋፉን አንስተን ሥሩ ያለውን አዳራሽ እንድናሳምር ፈልጓል። አርማታ በ7 ቀን የሚይዘው ጉልበት ግን በ28 ቀን ከሚይዘው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ነው። ፎርማናችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብሎ ትቶኝ ሄደ።

ጀማሪ እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «እሺ» ይላል፤ ሌላው «አይቻልም» ብሎ ስልክ ይዘጋል። ሁለቱም አይረቡም። አለቃ ጭራቅ አይደለም፤ እሱንም ባንክ እያሳደደው ነው። ምርጫ ስጠው። እኔ «ድጋፉ አይነካም። የፊቱን መግቢያና ቢሮዎቹን ግን በዐሥር ቀን ቀለም ቀብቼ አስረክባለሁ፤ አዳራሹ በሚቀጥለው ወር» አልኩት። ተነጫነጨ፣ ተቀበለ። ሪባኑ ፊት ለፊት ተቆረጠ። ከተዘጋው የአዳራሽ በር ጀርባ የባሕር ዛፉ ቋሚ እንደ ደን ቆሞ ነበር።

የደብረ ማርቆሱን ልጅ «ልስን መቼ ይጀመራል?» አልኩት።

«ነገ ጠዋት።»

«እንግዲያው በሌሊት ተነስ። አንድ ሜትር ማለት አምስት ረድፍ ብሎኬት ነው። ሜትሩን ዘርግተህ ረድፉ እየታየ ፎቶ አንሳ። አማካሪውንም ጥራው፣ ራሱ ይለካው። ከተለሰነ በኋላ ማን ይቆጥርልሃል?»