የኮሪያ ዘማች ሣጥን ሲከፈት

ድሬዳዋ ከዚራም ይሁን ሐረር ጀጎል፣ ከአልጋ ሥር የቆየውን የኮሪያ ዘማች አያታችሁን ሣጥን ስትከፍቱ ከማጽዳታችሁ በፊት በተደራረበበት ቅደም ተከተል በስልክ አንሡት። አብረው የታሰሩ ደብዳቤና ፎቶ ከተለያዩ ምስሉ የማን እንደሆነ የሚያስረዳ አይገኝም።

በድሬዳዋ የሚያስቸግረው ፎቶው ከክፈፉ መስታወት ጋር መጣበቁ ነው። የፎቶው ገጽ ጄላቲን ስለሆነ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ ሲደርቅ መስታወቱን ይይዛል፤ በቢላ ካላቀቃችሁት ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከነመስታወቱ፣ ብርሃኑን በጎን አድርጋችሁ፣ ሁለት ሦስቴ አንሡና እንዳለ ተዉት። ላሚኔት ማስደረግ፣ ማለትም በሙቀት በፕላስቲክ ማሸግ፣ ከምስጥም ይብሳል፤ ሙቀቱ ምስሉን ይጎዳዋል፣ ፕላስቲኩም ተመልሶ አይላጥም። ሜዳሊያውንም በሎሚና በአመድ አትፈትጉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀን ላይ ነው። ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ የላከችው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 በባቡር ወደ ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያ በመርከብ ተሳፍሮ ወሩ ሳያልቅ ፑሳን ገባ፤ በፈረንጅ ሜይ 1951 መጀመሪያ ማለት ነው። የእኛና የፈረንጅ ዘመን አቆጣጠር ልዩነት ሁልጊዜ ስምንት ዓመት አይደለም፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት ነው። ኅዳር 1944 የተጻፈን ደብዳቤ 1952 ብትሉት፣ የመጀመሪያውን ሻለቃ ሰው ወደ ሁለተኛው ታዛውሩታላችሁ። ተኩስ የቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ነው። ደብዳቤ ውስጥ «አባ ቃኘው» ከተባለ ደግሞ ሻለቃው ላይሆን ይችላል፤ ስሙ የመጣው ከሐረሩ ገዥ ከራስ መኮንን ፈረስ ነው።

«መሐንዲስ ነበሩ» የሚል ወሬ ካለ የሥልጠና ወረቀት ፈልጉ። ቃኘው እግረኛ ሻለቃ ነበር፤ እግረኛም ምሽግ ይቆፍራል፣ ሽቦ ይዘረጋል፣ ስለዚህ አካፋ የያዙበት ፎቶ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ትከሻቸው ላይ በቀይ ክብ ውስጥ የአሸዋ ሰዓት የመሰለ ጥቁር ቅርጽ ካለ የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ምልክት ነው፤ ቃኘው በሥሩ ነበርና። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀዩም ሊጠቁር ስለሚችል አጉልታችሁ እዩት።

ስም ከፎቶው ጀርባ ስትጽፉ ለስላሳ እርሳስ ተጠቀሙ፣ ዳር ላይ፣ ሳትጫኑ። እስክሪፕቶ ወደ ፊት ይጎረብጣል፣ ቀለሙም ከሥሩ ባለው ፎቶ ላይ ያርፋል። እያንዳንዱን በወረቀት ፖስታ፣ ፖስታዎቹን በካርቶን አድርጉ። ካርቶኑን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለ ቁም ሣጥን አናት ላይ አታውጡት፤ ከግድግዳ ራቅ፣ ከወለሉም በጡብ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ምስጡ ከታች ነው የሚመጣው። በወር አንዴ ሥሩን እዩት።