ካሜራው ለወጣቶቹ ተሰጠ፤ ምርጫውስ?

ወጣቶች የአካባቢያቸውን ኑሮ ፎቶ እያነሱ የሚያጠኑበት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በቻይና ዩናን ግዛት ከገጠር ሴቶች ጋር ተሞክሮ የተስፋፋ ነው። ካሜራ ማደል ቀላል ነው። ጥያቄውን ማን አወጣ? የሚታየውን ፎቶ ማን መረጠ? ሲባል ግን መልሱ ብዙ ጊዜ «አጥኚው» ይሆናል። የልጆችን ተሳትፎ ያጠናው ሮጀር ሃርት እ.ኤ.አ. በ1992 በዩኒሴፍ በኩል ባወጣው ባለ 8 እርከን የተሳትፎ መሰላል የታችኞቹ 3 ተሳትፎ አይባሉም፤ ከነሱ አንዱ ልጆችን ለጌጥ ማቆም ነው።

ከምልመላው ይጀምሩ። ከ8 እስከ 10 ወጣት ይበቃል። ስም ዝርዝር ከትምህርት ቤት ብቻ ከተቀበሉ የሚላኩልዎ የደረጃ ተማሪዎችና ደፋር ተናጋሪዎች ናቸው። ግማሹን ቦታ ለሊስትሮዎች፣ ለቤት ሠራተኞችና ለአካል ጉዳተኞች ይያዙ። ሰዓቱን ሴቶቹ ይምረጡ፤ ከትምህርት በኋላ የቤት ውስጥ ሥራ የሚጠብቃቸው እነሱ ስለሆኑ 11 ሰዓት ላይ የተቀጠረ ውይይት ሳይቆይ የወንዶች ብቻ ይሆናል። የትራንስፖርት ገንዘብ በዕለቱ በእጅ ይሰጥ። «በኋላ ይወራረዳል» ከተባለ መጀመሪያ የሚቀረው ኪሱ ባዶ የሆነው ነው።

ዕድሜው ከ18 በታች ለሆነ የወላጅ ፊርማ ብቻውን አይበቃም። ልጁን ለብቻው ይጠይቁ፤ እናቱ አጠገብ ቁጭ ብላ «አልፈልግም» የሚል ስንቱ ነው?

ወጣቶቹ እርስዎን «ቲቸር» ብለው መጥራት ከጀመሩ ነገሩ ክፍል ሆኗል፤ ሁሉም ትክክለኛ መልስ ፍለጋ ይገባል። አጠራሩን በመጀመሪያው ቀን ተነጋግረው ይወስኑ። ታላቁን «አንተ» ማለት የሚከብደውን ግን አያስገድዱ።

ለውይይት ለእያንዳንዱ 3 የባቄላ ፍሬ ይስጡ። በተናገረ ቁጥር አንዱን መሐል ያስቀምጣል፤ የጨረሰ ሌሎቹ እስኪጨርሱ ያዳምጣል። ዝምተኞቹ ለመገላገል ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ስለሚጥሉ አስቀድመው ጥንድ ጥንድ ሆነው 5 ደቂቃ ያውሩ። መስማት ለተሳነው ተሳታፊ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይቅጠሩ፤ ጓደኛው ካስተረጎመ ሁለቱም ከውይይቱ ይቀራሉ። ማየት ለተሳነው ድምፅ መቅጃ ይስጡ። አንድ ስልክ ለሁለት ከሆነ ተራው ይጻፍ፤ አለዚያ ታላቁ ይወስደዋል።

ዋናው ምርጫው ነው። እያንዳንዱ ከራሱ ፎቶዎች 2 ይምረጥ፤ አጥኚው ድምፅ የለውም፣ ፎቶው ቢደበዝዝም። መግለጫውን በራሱ ቋንቋ ይጻፍ፣ አታርሙበት። የሌላ ሰው ፊት ካለበት የዚያ ሰው ፈቃድ ያስፈልጋል። ፎቶውን ማሰረዝ የሚፈልግ እስከ መቼ እንደሚችል ቀኑን ቆርጠው ይንገሩ፤ ከታተመ በኋላ መመለሻ የለውም።